አስታማሚ ይዘው ይምጡ

እኔ ሰው ማነጋገር ካቆምኩ በኋላ ጨጓራዬ እኔን ማነጋገር ጀመረ። መጀመሪያ በትሕትና ነበር። ከምሳ በኋላ ጉርር ይልና ዝም ይላል፤ እኔም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው እንዳልሰማ ሆኜ አልፈዋለሁ። እየቆየ ግን ደፈረ። ጠዋት ያቃጥለኛል፣ ከሰዓት ይነፋኛል፣ ጋደም ስል ደግሞ እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ወጥቶ «ተኛህ እንዴ?» ይለኛል። በቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ የሚናገር እሱ ብቻ ስለነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁና፣ አንዳንዴ እመልስለት ነበር።

የምኖረው ሲኤምሲ ነው፤ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሥራዬ የቤት ፕላን መሥራት ነው። ድሮ ቢሮ ገብቼ እውል ነበር። አሁን መሐንዲሶቹ ልኩን በቴሌግራም ይልኩልኛል፣ እኔም ሠርቼ በቴሌግራም እመልሳለሁ፣ ከዚያ አውራ ጣቱን ያቆመ አንድ ቢጫ እጅ ይመጣል። የሳምንቱ ማኅበራዊ ኑሮዬ ያ እጅ ነው። ለሰው ሁሉ አሥር ሰው የሚያስቀምጥ ሳሎን ስሠራ ውዬ፣ እኔ ራሴ ወጥ ቤት ቆሜ ከድስቱ ነበር የምበላው። ሰው የሚቀመጠው ፊት ለፊቱ የሚቀመጥ ሲኖር ነው።

ፊት ለፊቴ የምትቀመጠው ባለቤቴ እልፍነሽ ነበረች። ካረፈች ሦስት ዓመት አለፋት። ልጅ አልወለድንም። ስለ እሷ ማውራት ከጀመርኩ ስለማላቆም አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከታክሲ ማቆሚያው እስከ ቤታችን የአምስት ደቂቃ መንገድ ነው። ከእልፍነሽ ጋር ግን አርባ ደቂቃ ይፈጃል። ሱቁ ጋ ትቆማለች። ጫማ የሚሰፉት ሽማግሌ ጋ ትቆማለች። የዘበኛውን ሚስት ወገቧን እንዴት እንዳደረጋት ትጠይቃለች። የማታውቀውን ሕፃን ስሙን ጠይቃ ታቅፋለች። እኔ ዳቦውን ይዤ ሁለት እርምጃ ቀደም ብዬ እቆምና ሰዓቴን አያለሁ። «እልፍዬ፣ እንሂድ እንጂ» እላለሁ። «መጣሁ፣ መጣሁ» ትላለች፤ አትመጣም። አሁን ያንኑ መንገድ በአምስት ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። ቶሎ ደርሼ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም።

ያኔ ያልገባኝ፣ ሰዉ ሁሉ የእሷ መሆኑ ነው። ቤታችን ሰው ሲሞላ እኔም ሰው ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኔ የነበረችኝ እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ ከጨጓራዬ አልፎ ወደ ድምፄ መዛመቱን ያወቅኩት ከመገናኛ ታክሲ ተሳፍሬ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው። ሲኤምሲ ስንደርስ «ወራጅ አለ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው አየር ብቻ ሆነ። ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደገና ሞከርኩ። ዘይት ያልነካው የብረት በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ አሰማሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ያስነጠስኩ መስሏቸው «ይማርህ» አሉኝ። በሦስተኛው ሙከራዬ ድምፄ ሲመለስ ታክሲው መሪ ሰፈርን አልፎ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩና እስከ አያት ሄድኩ። እዚያ ቆሜ ወደ ኋላ ብቆጥር፣ ለመጨረሻ ጊዜ ለሰው ቃል የተናገርኩት ቅዳሜ ነው፤ ለዳቦ ሻጩ፣ «ሁለት» ብዬ። ቀኑ ማክሰኞ ነበር።

በማግሥቱ ሃያ ሁለት አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፤ ለጨጓራዬ ይሁን ለድምፄ ገና ሳልወስን። ሐኪሟ ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ሆዴን ጫን ጫን አድርጋ ካየች፣ የደም ግፊቴንም ከለካች በኋላ ተቀምጣ ትጠይቀኝ ጀመር።

«በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ?»

«ትዝ ሲለኝ።»

«ከማን ጋር ነው የሚበሉት?»

«ከዜና ጋር።»

አልሳቀችም። «ዜና ለጨጓራ አይመከርም» ብላ የሆነ ነገር ጻፈች። «እንቅልፍስ?»

«ይመጣል፤ ግን አይቀመጥም።»

«ከሰው ጋር ሲበሉ ያው ነው የሚያምዎት ወይስ ይሻልዎታል?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ እኔ ግን ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ ጣሪያውን አየሁ። «አላውቅም፤ ከሰው ጋር ከበላሁ ብዙ ጊዜዬ ነው» አልኳት።

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባቴ፣ ብቸኝነት በላቦራቶሪ አይታይም፤ ሰውነት ግን ያውቀዋል። ብቻውን የቀረ ሰው ሰውነቱ ተረኛ እንደሌለው ዘበኛ ነው። የሚተካው ስለሌለ አያርፍም። እንቅልፉ ይሳሳል፣ ምግቡን ይዘላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፤ የእርስዎም ጨምሯል። ጨጓራዎን በካሜራ አየዋለሁ፤ መድኃኒትም እሰጥዎታለሁ። ሰው ግን ማዘዣ ላይ ጽፌ ልሰጥዎት አልችልም።»

ይህ ሁሉ ሆኖ እስካሁን ሰላም ነው። ጣጣው የመጣው የቀጠሮ መዝገብ ከያዘችው ልጅ ዘንድ ነው።

«ሐሙስ ሳምንት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት» አለችኝ። «ጾምዎን ይምጡ። ማደንዘዣ ስለሚወስዱ አስታማሚ ይዘው ይምጡ።»

«ብቻዬን እችላለሁ።»

«መምጣቱን ይችላሉ፤ መመለሱን ነው የማይችሉት። አስታማሚ ከሌለ አይሠራልዎትም። ስሙንና ስልኩን ይንገሩኝ።»

ከኋላዬ አምስት ሰው ተሰልፏል። አምስቱም ጆሮ አላቸው። «የለኝም» ማለት እዚያ መሐል ሱሪዬን ከማውለቅ አይተናነስም መሰለኝ። ስልኬን አወጣሁና መጨረሻ የደወልኩበትን ቁጥር አነበብኩላት።

«ስም?» አለች።

ስልኩን አየሁት። «ቦይለር» ይላል። ወሎ ሰፈር ሱቅ ያለው የውሃ ማሞቂያ ጠጋኝ ነው። ስድስት ዓመት ቤቴ ሲመላለስ ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

«ቦይ…» ብዬ ቆምኩ። ልጅቱ ቀና አለች። «ቦ… ቦጋለ።»

«ምንዎ ነው?»

«ጓደኛዬ።»

ጻፈችው። እኔም እስከ ሐሙስ እውነተኛ ሰው ፈልጌ ቦጋለን እተካዋለሁ ብዬ ወጣሁ። ስምንት ቀን አለኝ። በስምንት ቀን ውስጥ በአምስት ሚሊዮን ሕዝብ ከተማ አንድ ሰው አይጠፋም ብዬ ነው።

ቤቴ ገብቼ የስልኬን ማውጫ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ለካ ስልኬ ውስጥ ሰው የለም፤ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። «ቦይለር»፣ «ቧንቧ»፣ «ዲሽ»፣ «አሉሚኒየም ገርጂ»፣ «ፕሪንተር ቀለም»። ከዕቃዎቹ ዝቅ ብሎ «እልፍነሽ ጓደኛ 1» ይልና እስከ አምስት ይሄዳል። ስማቸውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። አንደኛዋ እትዬ ዘነበች ናቸው፤ የሁሉም ታላቅ። አምስቱና እልፍነሽ አብረው የማርያም ማኅበር ይጠጡ ነበር፤ በየወሩ በተራ በየቤታቸው። ስልክ ቁጥራቸውን ስመዘግብ እንኳ ለራሴ ብዬ አልመዘገብኩም ማለት ነው።

ለእነሱ መደወል የማልችልበት ምክንያት አለኝ፤ ልደብቃችሁ አልችልም። ከእልፍነሽ አርባ በኋላ አንድ ቅዳሜ አመሻሹ ላይ አምስቱም ሊጠይቁኝ መጡ። ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። እያወሩ ነው የሚወጡት፤ ሁልጊዜም እንደዚያ ነበር፣ ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ ወሬያቸው ቀድሟቸው ይደርሳል። አምስት ድምፅ ቆጠርኩ። ስድስተኛው የለም። በሩ ጋ ደርሼ እጄን እጀታው ላይ አድርጌ መክፈት አቃተኝ። መብራቱን አጥፍቼ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። ሬዲዮኑን ግን ረስቼው ነበር። እነሱ ከውጭ ያንኳኳሉ፣ እኔ ከውስጥ በጨለማ ተቀምጫለሁ፣ ሬዲዮኑ ስለ ቲማቲም ትል አከላከል ያስረዳል። ከዚያ ወዲህ አልመጡም። እኔም አልደወልኩም። ዓመት ባለፈ ቁጥር ለመደወል ይበልጥ ይከብዳል።

ስለዚህ አዲስ ሰው ፍለጋ ወጣሁ።

ከሕንፃችን ጀርባ ሜዳ ላይ ጠዋት ጠዋት ስፖርት የሚሠሩ ጎልማሶች አሉ። አርብ ማልጄ ቱታዬን ለብሼ ተቀላቀልኩ። የእልፍነሽ ስጦታ ነው ቱታው፤ ያን ቀን ነው ላስቲኩ የተበጠሰው። አንድ እጄ ሱሪዬን ይዞ፣ አንድ እጄ ብቻ ወደ ሰማይ እየወጣ እየወረደ ሰነበትኩ። አሠልጣኙ «ሁለቱንም እጅ» እያለ ወደ እኔ ይጮኻል። ሁለቱንም ባነሳ የሚሆነውን እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲያም ሆኖ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ የሚዘለው ሰው ፊቱ ደግ መስሎኝ፣ ላብ እየጠረግን ጠጋ አልኩት።

«ወንድሜ፣ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ ይኖርሃል?» አልኩት።

ሰውዬው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ገብቼበት ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሰው አምጣ፣ ሰውህም ሰው ያምጣ የሚሉትን ንግድ። ሳሙናውንም፣ ዱቄቱንም። እኔ አልሆነኝም፤ አንተ ይቅናህ።» ብሎኝ ራቅ ካለ ሰው አጠገብ ሄዶ መዝለሉን ቀጠለ። በማግሥቱ ስመጣ በዙሪያዬ አራት ሜትር ክፍት ቦታ ነበረኝ። ሸቀጥ የሌለው ነጋዴ ሆኜ መቅረቴ ነው።

እሁድ ከሰዓት ደግሞ የሕንፃው ነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። እዚያ በር ላይ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ለዓመታት አልፌዋለሁ፤ የዚያን ቀን አንብቤ ወረድኩ። ስገባ ስብሰባው ተጀምሮ ነበር።

«ማንን ፈልገው ነው?» አለችኝ ራሔል የምትባል፣ ከእልፍነሽ ዕረፍት በኋላ ሁለተኛ ፎቅ የገባች ሴት።

«እዚሁ ነኝ። ከአንቺ በላይ ነኝ።»

«ከእኛ በላይ ያለው ቤት ባዶ አይደለም እንዴ?»

«እኔ አለሁበት።»

ራሔል አፏን በእጇ ያዘች። «አንድ ቀን የእግር ድምፅ ሰምቼ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ምን ይንቀሳቀሳል ብዬ ጠበል አስረጭቻለሁ እኮ» አለች። ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከጣሪያዋ በላይ ስንጎራደድ፣ ሰው መሆኔን የጠረጠረ የለም።

«ሌላ ጉዳይ» የሚለው ላይ ሲደረስ እጄን አወጣሁ። ዛሬ እናገረዋለሁ፣ ሐሙስ ሰው ያስፈልገኛል እላለሁ ብዬ ተነሳሁ። ሃያ ሰው ዞሮ አየኝ። አንደበቴ ታሠረና ዓይኔ ያረፈበትን ተናገርኩ። «ሊፍቱ…» አልኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለካ ሊፍቱ አራት ወር ሙሉ ቆሟል፣ ደፍሮ የሚያነሳው ሰው ጠፍቶ ነው። በዚያው ቅጽበት በሙሉ ድምፅ የሊፍት ጉዳይ ኃላፊ ሆኜ ተመረጥኩ። አስታማሚ ፍለጋ ወርጄ ኃላፊነት ተሸክሜ ወጣሁ፤ በደረጃ።

ረቡዕ ከሰዓት ክሊኒኩ ደውዬ እንዲሰርዙልኝ ልነግራቸው ስልኬን አነሳሁ። ጨጓራዬም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ሳይታይ ይኑር ብዬ። ሳልደውል ስልኩ ጮኸ። «ቦይለር» ይላል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ ሰውዬው። «ከአንድ ክሊኒክ ደውለውልኝ ነበር። ቦጋለ ነህ ወይ አሉኝ። አይደለሁም ልል ስል፣ የታማሚውን ስም ነገሩኝ፤ የእርስዎ ነው። ግራ ቢገባኝ ነው፤ የታመመው ቦይለሩ ነው ወይስ እርስዎ?»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። «እኔ ነኝ» አልኩት።

«ታዲያ ቦጋለ ማነው?»

«አንተ ነህ።»

እኔም ነገሩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ ሰልፉን፣ ልጅቱን፣ ስልኬ ላይ «ቦይለር» ብዬ እንደመዘገብኩት። ስጨርስ ዘጋብኝ ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ነጥዬ አየሁት። አልዘጋም።

«ስሜ ነስሩ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ጋሼ፣ ሌላ ሰው የለዎትም?»

«የለኝም።» ቃሉ ሲወጣ እንደፈራሁት አልነበረም። ቀላል ቃል ነው፤ አንድ ሳምንት ሙሉ ነው ያስሮጠኝ።

«ሁለት ሰዓት ላይ በር ላይ ይጠብቁኝ» አለኝ ነስሩ። «ቦጋለ ይመጣል።»

ሐሙስ ጠዋት ነስሩ በአሮጌ ዳማስ መኪናው መጣ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የሥራ ሳጥኑ ከኋላ ይንኳኳል። ክሊኒኩ ስንደርስ ልጅቱ «አቶ ቦጋለ ማለት እርስዎ ነዎት?» ስትለው፣ «አቤት» አለና ፈረመ። ፊርማው ላይ እንኳ «ቦ» የሚል ነገር አየሁ። አልጋው ላይ ከወጣሁ በኋላ ሐኪሟ መርፌውን እያዘጋጀች «ሰው አገኙ?» አለችኝ። «ተገኘሁ መሰለኝ» ልላት ስል እንቅልፍ ወሰደኝ።

ስነቃ ነስሩ አጠገቤ ተቀምጦ ኮፍያውን እጁ ላይ ያዞራል። ሐኪሟ መጥታ ውጤቱን ነገረችን። ጨጓራዬ ተቆጥቷል፤ ቁስለት ግን የለም፣ ክፉ ነገርም የለም። መድኃኒቱን ጻፈች፣ ከዚያ ወደ ነስሩ ዞር ብላ «አቶ ቦጋለ፣ ቆመው እንዳይበሉ ይቆጣጠሯቸው» አለችው። እሱም «እሺ ዶክተር» አለ፤ ሥራ እንደተቀበለ ሰው።

መኪናው ውስጥ ሆነን መገናኛ መንገዱ ተዘጋግቶ ስንቆም፣ ነስሩ መሪውን በጣቱ እየመታ «ጋሼ» አለኝ፤ «እንቅልፍ ላይ ሆነው ይናገሩ ነበር።»

«ምን አልኩ?»

«‹እልፍዬ፣ ክፈቺላቸው፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት› ነው የሚሉት። ደጋግመው። ነርሷ ‹ማንን ነው?› ብትለኝ ምን እንደምላት አጣሁ።»

መስኮቱን አየሁ። ከጎናችን የቆመው አውቶቡስ ውስጥ አንዲት ሴት ጭንቅላቷን መስተዋቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች። ማደንዘዣው ገና አልለቀቀኝም፤ ምላሴም እንባዬም ልጓም የላቸውም ነበር። ስለ ቅዳሜው አመሻሽ ነገርኩት። ነስሩ ሰማኝና፣ «ስልካቸው የለም?» ብቻ አለ። አለ። መንገዱ እስኪከፈት ደወልኩ።

«ሃሎ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«እኔ ነኝ… የእልፍነሽ ባል።»

«ማን ሞተ?» አሉ።

«ማንም አልሞተም።»

«ታመህ ነው?»

«ጨጓራዬን በካሜራ ታይቼ ወደ ቤት እየሄድኩ ነው።»

«ብቻህን?»

«ኧረ አይደለም፤ ከቦጋለ… ከነስሩ ጋር።»

«ከስንት ሰው ጋር ነህ?»

«ከአንድ» አልኩ። «እትዬ፣ ያኔ በሩን ያልከፈትኩት ቤት ስላልነበርኩ አይደለም።»

«እናውቃለን። የቲማቲሙ ነገር እስኪያልቅ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሰምተነዋል። አሁንም ቲማቲማችንን ትል ሲያስቸግረው አንተን እናነሳለን።» ድምፃቸው መሐል ላይ ተሰበረ። «አንተ ልጅ፣ እኛም እኮ እሷን አጥተናል። አንተ ስትዘጋ ደግሞ ቤቷንም አጣን።»

ከዚያ ማኅበራቸውን ነገሩኝ። የእልፍነሽ ወር ሲደርስ ማንም በቦታዋ አይደግስም፤ ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ዝም ብለው ይለያያሉ። ሦስት ዓመት እንደዚያ አለፈ። ተራዋ ደግሞ የሚመጣው ወር ነው።

«እኔ እደግሳለሁ» አልኩ።

ነስሩ ዞር ብሎ አየኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ «ጋሼ፣ ይህ የማደንዘዣው ቃል ነው፤ ነገ ይክዳሉ» አለኝ። ምስክር ስለነበር ግን መካድ አልቻልኩም።

ድግስ ማለት ለእኔ ፕላን ነው። የሳሎኔን ልክ ወስጄ ወንበር በወንበር፣ መተላለፊያው ሳይቀር፣ አሳንሼ ነደፍኩት። ወረቀቱ ላይ እጅግ ያማረ ነበር፤ ወንበር ግን ሦስት ብቻ ነው ያለኝ። የቀረውን ከራሔል ተዋስኩ። ልታቀብለኝ መጥታ ወጥ ቤቴን አየችና፣ ጨዉን ሁለት ጊዜ ያደረግኩበትን ሽሮ ቀመሰችና፣ መጎናጸፊያዋን አውልቃ እጅጌዋን ሰበሰበች።

በዕለቱ ደረጃውን ሲወጡ ሰማኋቸው። ወሬያቸው ቀድሟቸው መጣ። ሊፍቱን አሁንም አላሠራሁትምና እትዬ ዘነበች በየፎቁ እያረፉ «የዚህ ሕንፃ ኃላፊ ማነው?» ይላሉ። አምስት ድምፅ ነው። በሩን ከፈትኩ። እትዬ ዘነበች መጀመሪያ እኔን አላዩኝም፤ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ሳሎኑን አዩ፣ መጋረጃዋን አዩ፣ ከዚያ አንገቴን አቅፈው ብዙ ቆዩ። አራቱ ከኋላቸው ደረጃው ላይ ተራ ይጠብቃሉ።

ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰ። ነስሩም ብቅ ብሎ አንድ ሳጥን ለስላሳ አስቀምጦ ጥግ ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ «ቦጋለ፣ ና ወደዚህ» እያሉ ስሙን እስከ ዛሬ አልመለሱለትም። ሲጫወቱ ሲጫወቱ አንዷ «እልፍነሽ ሁልጊዜ ‹ቤት ውስጥ ሆዴን እስኪያመኝ ነው የሚያስቀኝ› ትል ነበር፤ እኛ ግን አንድ ቀን ስትስቅ እንኳ አይተንህ አናውቅም። በምንድን ነው የምታስቃት?» አለችኝ።

አላውቅም ነበር፤ ለሰው መንገሯን። ጆሮዬ ጋለ። አልናገርም አልኩ፣ አልለቀቁኝም። ተነሳሁና ገና ስንጋባ ተከራይተን የነበርንበትን ግቢ ባለቤት ሆንኩላቸው፤ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «መብራት አጥፉ፣ ውሃ ዝጉ፣ ሳቅ ቀንሱ» እያልኩ ሳሎኑን ዞርኩት። አምስቱም ሳቁ። እትዬ ዘነበች እንባቸውን ጠረጉ። እኔ ግን መሐል ላይ ቆሜ ስድስተኛዋን ሳቅ ጠበቅኩ፤ ከሁሉም ዘግይታ ትጀምርና ከሁሉም በኋላ ነበር የምታቆመው። አልመጣችም። ያን ቀን ግን ስድስተኛዋን የሚጠብቀው ሰው እኔ ብቻ አልነበርኩም። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም ለአፍታ ዝም አሉ፤ ሳይነጋገሩ፣ በአንድ ጊዜ። ከዚያ አንዷ ዳቦ ጨመረችልኝ። ተቀምጬ በላሁ።

ሲሄዱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ብርጭቆዎቹን ሳጥብ እትዬ ዘነበች የተቀመጡበት ወንበር ላይ ነጠላቸው ተንጠልጥሎ አየሁ። ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ ነጠላዎትን ረስተው ሄዱ።»

«አልረሳሁም» አሉ። «ማክሰኞ መጥቼ እወስደዋለሁ። ምሳ ሳትበላ ጠብቀኝ።»

ይህን የማጫውታችሁ ሰኞ ከሰዓት ነው። ቅድም ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። የሽንኩርቱ ዘንቢል ውስጥ እጄን ከትቼ ቆምኩ፤ ልኩ ጠፋኝ። «የኔ እመቤት፣ ለሁለት ሰው ምሳ ስንት ራስ ይበቃል?» ብዬ ሻጯን ጠየቅኳት።

«እንግዳ ነው?»

«እንግዳ እንኳ አይደሉም። ነጠላቸውን ሊወስዱ ነው የሚመጡት።»

አራት ራስ መዝና ላስቲኩን ልትቋጥር ስትል ቆም አለች። «እንደዚያ ብለው የሚመጡ ሰዎች ቶሎ አይሄዱም» አለችና ሁለት ጨመረችልኝ።